አራቱ ባሕርያትና 118ቱ ንጥረ ነገሮች

አክሲማሮስን የሚማር ደቀ መዝሙር ሁሉ ይህ ግዙፍ ዓለም ከአራቱ ባሕርያት፥ ይኸውም ከመሬት፣ ከውኃ፣ ከነፋስና ከእሳት እንደ ተገኘ፣ የሰውም ሥጋ ከእነዚሁ ከአራቱ እንደ ተሠራ ከመምህሩ አፍ ይቀበላል። በዘመናዊ ትምህርት ቤት አልፎ ወደ ገዳም የመጣ ወጣት ደግሞ ውኃ ራሱ ከሁለት ነገሮች የተዋሐደ መሆኑን፣ ነፋስ የብዙ ጋዞች ድብልቅ መሆኑን፣ አፈርም በውስጡ ብዙ ዐይነት ነገር የያዘ መሆኑን ተምሮ ይመጣል። ሁለቱ በአንድ ጉባኤ በተቀመጡ ጊዜ ጥያቄው መነሣቱ አይቀርም። ግዙፉ ፍጥረት የተሠራው ከአራት ነው ወይስ ከ118?

ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ሦስት ዐይነት ነው። አንዱ፥ «የአባቶች መጽሐፍ አራት ካለ አራት ነው፤ የቀረው የፈረንጅ ፈጠራ ነው» ብሎ ነገሩን ይዘጋል። ሁለተኛው፥ ዘመናዊውን ትምህርት ጥቂት የቀመሰው፥ የአባቶችን መጽሐፍ እንደ ተረት ቈጥሮ ከጉባኤው ይነሣል። ሦስተኛው አስታራቂ ነኝ ባይ ነው፤ «ሁለቱም አንድ ናቸው፤ አባቶች ሁሉን አስቀድመው ያውቁት ነበር» ይላል። ከሦስቱ ይልቅ የሚጎዳው ይህ የሦስተኛው መልስ ነው። ፊተኞቹ ሁለቱ ቢያንስ የሚያምኑትን ይናገራሉ፤ ይህ ግን አንዱንም በሚገባ ሳይማር ሁለቱን የሚያውቅ መስሎ ይታያል፤ ሰሚውም ከመማር ያርፋል።

የአራቱ ቍጥር ከየት እንደ መጣ አስቀድሞ ማወቅ ይገባል። ኦሪት ዘፍጥረት ሰማይንና ምድርን፣ ጨለማንና ውኃን፣ ብርሃንንም በስማቸው ይጠራል እንጂ «ባሕርያት አራት ናቸው» ብሎ አይቈጥርም፤ በመጀመሪያውም ምዕራፍ እሳት በስሙ አልተጠራም። አራት ብሎ መቍጠር የጸናው በግሪኮች ዘንድ ነው። ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት በሲሲልያ ደሴት የነበረው ኤምፔዶክሊስ የነገር ሁሉ ሥሩ አራት ነው አለ። ከእርሱ በኋላ የተነሣውና ከ384 እስከ 322 ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ የኖረው አርስጣጣሊስ አራቱን ከአራት ጠባያት ጋር አጋጠማቸው፤ እሳት ውዑይና ይቡስ፣ ነፋስ ውዑይና ርጡብ፣ ውኃ ቈሪርና ርጡብ፣ መሬት ቈሪርና ይቡስ ነው አለ። ከአርስጣጣሊስ በፊት ዲሞክሪጦስ፥ ነገር ሁሉ ሊከፈል ከማይችል ደቂቅ ቅንጣት የተሠራ ነው ብሎ ነበር፤ «አቶሞስ» ማለትም በግሪክ የማይቈረጥ ማለት ነው። ነገር ግን የአርስጣጣሊስ ስም እጅግ የገነነ ስለ ሆነ የዲሞክሪጦስ አሳብ 2,000 ዓመት ያህል ተጥሎ ቈየ።

አባቶች በተነሡበት ዘመን የተማረ ሰው ሁሉ ስለ ግዙፉ ዓለም የሚናገረው በአርስጣጣሊስ ቋንቋ ነበር። ሐኪሙ ጋሌኖስ እንኳ ደዌን የሚለየው በእነዚሁ በአራቱ ጠባያት ነው። እንግዲህ መተርጕማን ስለ ስድስቱ ቀናት በጻፉ ጊዜ የጊዜያቸውን የተፈጥሮ ዕውቀት መሣሪያ ማድረጋቸው የሚያስነቅፍ አይደለም፤ ሌላ ምን መሣሪያ ነበራቸው? በቅዱስ ኤጲፋንዮስ ስም የሚጠራው የግዕዙ አክሲማሮስም የዚሁ ወገን መጽሐፍ ነው።

አሁን ልብ መደረግ ያለበት ይህ ነው። የቂሳርያው ቅዱስ ባስልዮስ በ4ኛው መቶ ዓመት በስድስቱ ቀናት ላይ ዘጠኝ ስብከቶች ሰጥቷል። በመጀመሪያው ስብከት መግቢያ የግሪክ ፈላስፎች ስለ ተፈጥሮ ብዙ ቢደክሙም የአንዱ አሳብ በሌላው እየተሻረ አንድም ጸንቶ የቆመ እንደሌለ ያመለክታል። ራሱ ባስልዮስ ግን በዚያው ስብከት ምድርን፣ ውኃን፣ ነፋስንና እሳትን እንደ ጊዜው ልማድ ይጠቅሳቸዋል። የፈላስፎች አሳብ የሚሻር መሆኑን እያወቀ፣ የሚሻረውን ለጊዜው ተጠቀመበት ማለት ነው። ስለዚህ ዛሬ «አራቱ ከተሻሩ አባቶች ተሻሩ» የሚል ተማሪ ባስልዮስን አላነበበም፤ የተሻረውስ ኤምፔዶክሊስ ነው።

የተሻረውም በክርክር ሳይሆን በሚዛን ነው። (ከዚህ በኋላ የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) በ1766 እንግሊዛዊው ሄንሪ ካቨንዲሽ ብረታ ብረትን በአሲድ ላይ እየጣለ የሚወጣውን ተቀጣጣይ ጋዝ ሰብስቦ መረመረ። ይህ ጋዝ በተቃጠለ ጊዜ በብርጭቆው ግድግዳ ላይ ጠል ሆኖ የሚቀረው ንጹሕ ውኃ ሆኖ ተገኘ። በ1783 ፈረንሳዊው አንቷን ላቯዝዬ ነገሩን በሚዛን አጥንቶ፥ ውኃ ነጠላ ነገር ሳይሆን የሁለት ነገሮች ውህድ ነው ብሎ አስታወቀ፤ አንደኛውንም ሃይድሮጅን፥ ማለት ውኃ ወላጅ፥ ብሎ ጠራው። ከአራቱ አንዱ የሆነው ውኃ በዚህ ጊዜ ከነጠላነት ወጣ። ላቯዝዬ በ1789 ባሳተመው መጽሐፍ 33 ነጠላ ነገሮችን ዘረዘረ። ዝርዝሩ ግን ንጹሕ አልነበረም፤ ብርሃንንና ሙቀትን እንኳ ከነጠላ ነገሮች ጋር ቈጥሯቸዋል። የአራቱን ቍጥር የሻረው ሰው ራሱ በተራው ታረመ።

በ1808 ጆን ዳልተን የዲሞክሪጦስን ቃል አንሥቶ፥ የእያንዳንዱ ንጥረ ነገር አቶም የራሱ የሆነ ክብደት አለው ብሎ ጻፈ። በ1869 ሩስያዊው ድሚትሪ ሜንደሌየቭ የታወቁትን ንጥረ ነገሮች በክብደታቸውና በጠባያቸው በሰንጠረዥ ሲደረድር አንዳንድ ስፍራ ባዶ ትቶ፥ በዚህ ስፍራ የሚገባው ገና አልተገኘም አለ። ጋልየም በ1875፣ ስካንድየም በ1879፣ ጀርማንየም በ1886 ተገኝተው ባዶዎቹን ስፍራዎች ሞሉ። ዛሬ ሰንጠረዡ 118 ንጥረ ነገሮች አሉት፤ የመጨረሻዎቹ አራት ስማቸው የጸደቀው በ2016 ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን አቶምን በዐይን ያየ አልነበረም፤ ታላላቅ ሊቃውንትም እስከ 20ኛው መቶ ዓመት መባቻ ድረስ ይጠራጠሩ ነበር። መጠራጠራቸውም ደግ ነበር። በ1827 ሮበርት ብራውን በውኃ ውስጥ የተንሳፈፉ ደቃቅ ቅንጣቶች ማንም ሳይነካቸው ሲንቀጠቀጡ በማይክሮስኮፕ አይቶ ነበር። በ1905 አልበርት አይንሽታይን የዚህ መንቀጥቀጥ ምክንያት የማይታዩት የውኃ ሞለኪውሎች ከየአቅጣጫው መግጨታቸው መሆኑን በስሌት ገለጸ፤ ዣን ፔራንም ስሌቱን በመለካት አጸናው። በፀሐይ ጨረር ውስጥ የሚዋኘውን ትቢያ በቤተ ክርስቲያን መስኮት ያየ ሰው አሳቡ አይከብደውም፤ ሆኖም ትቢያውን አብዝቶ የሚያንሳፍፈው ተራው ነፋስ ስለ ሆነ ያ ለምሳሌ ነው እንጂ ለማስረጃ አይሆንም።

የቅንጣቶቹ ብዛትና ታናሽነት ግን ልብን ያስጨንቃል። አንድ ጕንጭ በማይሞላ 18 ግራም ውኃ ውስጥ ያሉትን ሞለኪውሎች ለመጻፍ 602,200 ብሎ ከኋላው ዐሥራ ስምንት ዜሮ መጨመር ያስፈልጋል። እያንዳንዱም ሞለኪውል ሁለት የሃይድሮጅን አቶምና አንድ የኦክሲጅን አቶም ነው። «የማይቈረጥ» የተባለውም አቶም ተቈርጧል፤ በ1897 ጆሴፍ ቶምሰን ኤሌክትሮንን፣ በ1911 ኤርነስት ራዘርፎርድ የአቶምን እንብርት፣ በ1932 ጄምስ ቻድዊክ ኒውትሮንን ገለጹ። እንብርቱ የአቶሙን ክብደት ከሞላ ጐደል ሁሉ ይሸከማል፤ ስፋቱ ግን ከአቶሙ መቶ ሺሕ ጊዜ ያህል ያንሳል። በኢየሩሳሌም የጌታ መቃብር ያለበት የትንሣኤው ጕልላት ስፋቱ 20 ሜትር ገደማ ነው፤ አቶም ያን ያህል ቢሆን እንብርቱ እንደ አንዲት ደቃቅ የአሸዋ ቅንጣት በመካከል ይገኛል። የተቀረውን ስፍራ የያዙት እጅግ ቀላል የሆኑት ኤሌክትሮኖች ናቸው። ድንጋይ እጅን የሚመልሰውም የተሞላ ስለ ሆነ አይደለም፤ የእጅና የድንጋይ ኤሌክትሮኖች እርስ በርሳቸው ስለሚገፋፉ ነው።

እንግዲህ መሬት፣ ውኃና ነፋስ ምንድር ናቸው? ምናልባት የቀደሙት ሰዎች የከፈሉት ነገርን ሳይሆን የነገርን አኳኋን ነው። መሬት ብለው የጠሩት ጠጣሩን፣ ውኃ ያሉት ፈሳሹን፣ ነፋስ ያሉት ጋዙን ይመስላል። በጠጣር ነገር ቅንጣቶቹ ተያይዘው በየስፍራቸው ይንቀጠቀጣሉ፤ በፈሳሽ ሳይለያዩ እርስ በርስ ይንሸራተታሉ፤ በጋዝ ተፈትተው ይበራሉ። ልዩነቱ ይህ እንጂ ቅንጣቱ አይለወጥም፤ በበረዶ፣ በውኃና በእንፋሎት ያለው ሞለኪውል አንድ ነው። አርስጣጣሊስ፥ ውኃ ሲሞቅ ተለውጦ ነፋስ ይሆናል ማለቱ የተሻረው በዚህ ነው። ውኃ ሲፈላ ያው ውኃ ነው፤ ነገር ግን በባሕር ወለል አጠገብ አንድ ሊትር ውኃ እንፋሎት ሲሆን ከ1,600 ሊትር በላይ ስፍራ ይይዛል። ከጀበና አፍ የሚወጣውን ነጭ ጢስ እንፋሎት የሚል ብዙ ነው፤ እርሱ ግን ቀዝቅዞ እንደገና ነጠብጣብ የሆነ ውኃ ነው። እውነተኛው እንፋሎት ከጀበናው አፍና ከነጩ ጢስ መካከል ምንም የሌለ በሚመስለው ስፍራ ያለው፣ የማይታየው ነው።

መፍላትም ለሁሉ ስፍራ አንድ ልክ የለውም። በላይ ያለው አየር ሲቀልል ቅንጣቶቹ ቶሎ ይፈታሉ። በአዲስ አበባ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ በኢየሩሳሌም ከ97 ጥቂት ከፍ ይላል፤ ከባሕር ወለል በታች ባለችው በኢያሪኮ ደግሞ ከ100 ጥቂት ያልፋል። ከደጋ የመጡ ተሳላሚ እናቶች፥ ሽምብራው በዚህ አገር ቶሎ ይበስላል ቢሉ የውኃው ልዩነት ብቻ አይደለም፤ በሚፈላው ውኃ ውስጥ ያለው ሙቀት በእርግጥ ይበልጣል። የታላላቅ ሊቃውንት ስሌት የሚያስረዳውን እነርሱ ከድስት ተምረውታል።

የቀረው እሳት ነው፤ ነገሩም ሁሉ የሚገለጠው በእሳት ነው። እሳት ጠጣርም ፈሳሽም ጋዝም ተብሎ በአራተኛነት የሚቈም ነገር አይደለም፤ የሚሆን ነገር ነው፤ ድርጊት ነው። ማይክል ፋራዳይ በለንደን ለወጣቶች ስለ አንዲት ሻማ ብቻ በ1848ና ደግሞ ከ1860 እስከ 1861 ባለው ክረምት ተከታታይ ትምህርት ሰጥቷል፤ ሻማም ጧፍም ሳይጠፋ በሚኖርበት በገዳም ይህን ትምህርት ማየት ከለንደን ይልቅ ይቀላል። ጧፉ ሲበራ ጠጣሩ ሰም ይቀልጣል፤ የቀለጠው በፈትሉ ይወጣል፤ በፈትሉ ጫፍ ጋዝ ይሆናል፤ የሚነደውም ጋዙ ነው። ይህን የሚጠራጠር ጧፉን እፍ ብሎ ያጥፋና ወዲያው ከፈትሉ በሚነሣው ነጭ ጢስ ላይ ሌላ የበራ ጧፍ ያስጠጋ፤ ነበልባሉ በጢሱ ላይ ወርዶ ፈትሉን ሳይነኩት ያቀጣጥለዋል። ቀዝቃዛ ማንኪያ ከነበልባሉ በላይ ለቅጽበት ቢያዝ ጠል ይቋጥራል፤ ወደ ነበልባሉ ውስጥ ቢገባ ጥላሸት ይይዛል። ከሰም ውስጥ ውኃ ወጣ ማለት ነው፤ የሰሙ ሃይድሮጅን ከአየሩ ኦክሲጅን ጋር ስለ ተዋሐደ ነው። የሚወጣው ጋዝና እንፋሎት ሁሉ ተሰብስቦ ቢመዘን ከተቃጠለው ሰም ይልቅ ይከብዳል እንጂ አይቀልልም። ጧፉ «አለቀ» ይባላል እንጂ ከቅንጣቶቹ አንዲት እንኳ አልጠፋችም፤ ሄደው በቤተ ክርስቲያኑ አየር ተበትነዋል።

በዚህ ጊዜ ያ አስታራቂ ይነሣና፥ «ዘመናዊው ትምህርት ራሱ ፕላዝማ የሚባል አራተኛ አኳኋን አለ ይላል፤ እሳት ማለት እርሱ ነው፤ አባቶች አውቀውታል» ይላል። ፕላዝማ በእርግጥ አለ፤ ስሙን በ1928 ያወጣለት ኧርቪንግ ላንግሙር ነው። ከታላቅ ሙቀት ወይም ከኤሌክትሪክ ኀይል የተነሣ ኤሌክትሮኖቹ ከአቶማቸው የተለያዩበት ጋዝ ነው፤ ፀሐይም መብረቅም ከዚህ ወገን ናቸው። የጧፍ ነበልባል ግን ለዚህ ማዕርግ አይደርስም፤ በውስጡ የተለያዩት ኤሌክትሮኖች እጅግ ጥቂት ናቸው፤ ቢጫ ሆኖ የሚያበራውም የጋለ ጥላሸት ነው። አባቶች እሳት ያሉት የምድጃውንና የመብራቱን እሳት እንጂ ኤሌክትሮን የተለየውን ጋዝ እንዳይደለ የታወቀ ነው። ያላሉትን እንዳሉ ማድረግ ክብር መስጠት አይደለም። ደግሞ ነገ የሳይንስ ሊቃውንት የአኳኋኑን ቍጥር ቢጨምሩ፥ እንዲያውም ከአራቱ ውጭ ሌሎችም እጅግ በቀዘቀዘ ስፍራ ተገኝተዋል፥ አስታራቂው ለአምስተኛው ጥቅስ ፍለጋ ሊነሣ ነው።

ጠቡ ግማሽ ያህሉ የቃል ጠብ መሆኑም መታወቅ አለበት። በአማርኛ «ባሕርይ» የሚለው ቃል ሦስት ሸክም ተሸክሟል። አንደኛ፥ በነገረ መለኮት የአካል መሠረት የሆነውን ይናገራል። ሁለተኛ፥ አራቱን፥ መሬትን፣ ውኃን፣ ነፋስንና እሳትን፥ ይጠራል። ሦስተኛ፥ የአንድን ነገር ጠባይ፥ ጨው በውኃ መሟሟቱን፣ መዳብ ሙቀት ማስተላለፉን፥ ይገልጣል። አንዱ ተማሪ በሁለተኛው ሲናገር ሌላው በሦስተኛው ይሰማዋል፤ ያልተማረ ተሳላሚ ደግሞ በመጀመሪያው ሰምቶ ይደነግጣል። በኢየሩሳሌም የሚማር ሰው ከጎረቤት ቋንቋዎች ይህን ማመዛዘን ይችላል። ዐረብኛ የጥንቶቹን አራቱንም የዛሬዎቹን 118ቱንም በአንድ ቃል «ዑንሱር» ይላቸዋል፤ ዕብራይስጥም ለሁለቱም «የሶድ» ይላል፤ መሠረት ማለት ነው። በእነርሱ ዘንድ አዲሱ ትምህርት አሮጌውን ስም ወረሰ። አማርኛ ግን ለአዲሱ «ንጥረ ነገር» የሚል ሌላ ቃል አዘጋጅቶ «ባሕርይ»ን ለቀድሞው ተወለት። ይህ ትልቅ ዕድል ነው፤ ሊጠበቅም ይገባዋል። መምህሩ «አራቱ ባሕርያት» ሲል የጥንቱ መጽሐፍ አነጋገር መሆኑ፣ «ንጥረ ነገር» ሲል የሚዛኑና የሰንጠረዡ ትምህርት መሆኑ ከቃሉ ብቻ ይለያል። «አራቱ ንጥረ ነገሮች» ብሎ መጻፍ፥ አንዳንድ ጊዜ በተማሪ ደብተር ላይ የሚታየው፥ ይህን ደግ አጥር ማፍረስ ነው።

እንዲህ ከሆነ የአራቱ ትምህርት ምን ይቀርለታል የሚል ይኖራል። የሚቀርለት ብዙ ነው። ጉባኤው አራቱን ባሕርያተ ሥጋ ከሦስቱ ባሕርያተ ነፍስ ጋር ደምሮ ስለ ሰው ሲያስተምር፣ ጠበኞች የሆኑት እሳትና ውኃ በአንድ ሥጋ ተስማምተው መኖራቸውን ሲያመሰጥር፣ ነገሩ የሕይወትና የምግባር ትምህርት እንጂ የቤተ ሙከራ ቍጥር አይደለም። እንዲያውም በተራ አነጋገር ሲታይ ውሸት የለበትም፤ ሰው ከምድር ፍሬ ይበላል፣ ውኃ ይጠጣል፣ ነፋስ ይተነፍሳል፣ የበላውንም ቀስ ብሎ እንደ ጧፍ እያነደደ ይሞቃል። በንጥረ ነገር ቋንቋ ደግሞ የሰው ሥጋ በክብደቱ 65 ከመቶ ያህል ኦክሲጅን፣ 18 ያህል ካርቦን፣ 10 ያህል ሃይድሮጅን፣ 3 ያህል ናይትሮጅን ነው፤ የቀረው ካልስየም፣ ፎስፎረስና ሌላው ጥቂት በጥቂቱ ነው። ከእነዚህ ሁሉ በምድር ትቢያ፣ በውኃና በአየር የማይገኝ አንድም የለም። «መሬት ነህና ወደ መሬትም ትመለሳለህ» የሚለውን ቃል በዐፅሙ አጠገብ ለሚያነብ ካህን ሰንጠረዡ አያሳፍረውም።

ጠባይ ከቅንጣቱ ዐይነት ብቻ ሳይሆን ከአደራደሩ እንደሚገኝም መጽሐፍ ጻፊ የሆነ መነኵሴ ከማንም በፊት ሊያውቀው ይችላል። በብራናው ላይ ያለው ጥቍር ቀለም የሚዘጋጅበት ጥላሸት ካርቦን ነው። የእርሳስ ልብም ካርቦን ነው፤ አልማዝም ካርቦን ነው። አቶሙ አንድ ነው፤ በአንዱ እንደ ቅጠል በቅጠል ላይ ተነባብሮ ይፈረፈራል፣ በሌላው በአራት ወገን ተጠላልፎ ብርጭቆ ይቈርጣል። ካርቦን በተራው አየርና ብርሃን በቀላሉ የማይለወጥ ስለ ሆነ የጥንት ጻፎች እጅ እስከ ዛሬ ጠቍሮ ይነበባል። ይህ አንድ ምሳሌ ከብዙ ሰዓት ክርክር ይልቅ ያስተምራል።

በእድሜ የገፉ መምህራን ፍርሃት ግን ሊናቅ አይገባውም። ከመጽሐፉ አንድ ክር ከተመዘዘ ልብሱ ሁሉ ይተረተራል ብለው ነው የሚሠጉት። ሥጋታቸው ያየውን የሚናገር ሥጋት ነው፤ በጥቂት ኬሚስትሪ የተነሣ ጉባኤን የናቀ ወጣት ጠፍቶ አያውቅም። ነገር ግን ያ ወጣት የሄደው ኬሚስትሪ ስለ ተማረ ሳይሆን፥ አራቱን ካልተቀበልህ ሃይማኖትህ ጐደለ ስለ ተባለ ነው። ሊሸከም የማይገባው ሸክም በአንገቱ ታሰረ፤ ሸክሙን ሲጥል ሌላውንም አብሮ ጣለ። ዛሬ ወደ ቅድስት አገር ከሚመጡት ተሳላሚዎች መካከል ነርሶች፣ መሐንዲሶች፣ የኬሚስትሪ መምህራን አሉ። እነርሱ ሲጠይቁ «አራት ናቸው» ብሎ የሚመልስ አስጐብኚ ደቀ መዝሙር በአንድ ቃል የሚያጠፋውን አመኔታ በብዙ ስብከት አይመልሰውም።

ስለዚህ በአክሲማሮስ ጉባኤ፥ ትርጓሜው እንዳለ ሆኖ፥ ስለ ግዙፉ ነገር አሠራር ጥቂት ሰዓታት ቢሰጡ ይገባል። ብዙ ወጪ የለበትም፤ ጧፍ፣ ጀበና፣ ማንኪያና ሚዛን ይበቃል። አምስተኛው ከሙት ባሕር የሚቀዳ ውኃ ነው። ያ ባሕር ከውቅያኖስ ወለል በታች ከ430 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ይገኛል፤ በአንድ ኪሎ ውኃው ውስጥ 340 ግራም ገደማ ጨው አለ፤ የውቅያኖስ ውኃ በኪሎ 35 ግራም ያህል ብቻ ነው ያለው። አንድ ሊትሩ ወደ 1.24 ኪሎ ስለሚመዝን ሰው በላዩ ይንሳፈፋል፤ ተማሪውም በጠርሙስ ቀድቶ በሚዛን ይህን ማረጋገጥ ይችላል። ከዚያ በሰፊ ሳሕን አፍስሶ በበጋ ፀሐይ ያስጣው። ውኃው ቅንጣት በቅንጣት ወደ አየር ይሄዳል፤ ጨው ይቀራል። የሚቀረው ግን የወጥ ጨው ብቻ አይደለም፤ ግማሽ ያህሉ የማግኒዥየም ክሎራይድ ነው፤ ምሬቱም ከእርሱ ነው። ይህ ጨው ከአየር እርጥበት ስለሚስብ ተሳላሚዎች በጨርቅ ቋጥረው አገራቸው ያደረሱት ጨው ረጥቦ ሲገኝ ተአምር ወይም መበላሸት የሚመስላቸው አሉ። ሁለቱም አይደለም። ለማድረቅ ብሎ በኀይለኛ እሳት ላይ መጣድም አይገባም፤ የሚያንቅ አሲድ የሆነ ጢስ ያወጣልና ዐይንንና ጕረሮን ይጎዳል። በክዳን በሚዘጋ ደረቅ ጠርሙስ ቢቀመጥ ይበቃዋል።